ሁሉም ከቀደመ ማን ይከተላል? ስለ ቡድን ሚዛን ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የጌም ወዳጆች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ቡድኖች አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ዘንድ በሦስት ሰዎች በኩል የደረሰ ሲሆን፣ ሦስተኛው የላከልኝ የራሳችን ቡድን አባል የሆነው ባጃጅ ነጂ ጓደኛችን ነው፤ ከሥሩም «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጄት የኔ ናት» የሚል ማስታወሻ አክሎበት ነበር። ይህ ምላሽ ከዚያች ማስታወሻ የተወለደ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም።

ጽሑፉ ስለ ቫሎራንት ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው፣ አምስት ለአምስት የሚደረግ የተኩስ ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን ስፓይክ የተባለውን ፈንጂ ሳይት ከሚባሉት የተወሰኑ ቦታዎች በአንዱ ለመትከል ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል፤ ከ12 ዙር በኋላ ወገን ይቀያየራሉ፤ 13 ዙር ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል፣ 12 ለ 12 ከሆኑ ደግሞ በሁለት ዙር መብለጥ ይጠይቃል። ተጫዋቹ የሚመርጣቸው ገጸ ባሕርያት፣ ኤጀንቶቹ፣ በአራት ሚና የተከፈሉ ናቸው፤ ቀድሞ ገብቶ የሚጋፈጠው ዱኤሊስት (ጄት ከነዚህ አንዷ ናት)፣ መረጃ እየሰበሰበ መንገድ የሚከፍተው ኢንሺዬተር፣ በስሞክ (በጭስ) እይታ የሚጋርደው ኮንትሮለር፣ ጎንና ጀርባ የሚጠብቀው ሴንቲኔል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሚና አመጣጥኖ ቡድን መሥራት የኤጀንት መምረጫው ገጽ የፈጠረው፣ ከፕሮ (በሙያ ከሚጫወቱ) ተጫዋቾች የተኮረጀ ልማድ ነው፣ እኛ ባለንበት ደረጃ የሚያሸንፈው ጠመንጃ ብቻ ነው ይላሉ። ማን እንደሚጠቅም ለማወቅም በውጤት ሰሌዳው ላይ ከሚታየው የኪል (የተጣለ ጠላት) ብዛት የተሻለ ዳኛ የለም ይላሉ። ትልልቆቹ ዋንጫዎች ራሳቸው በተኳሾች ጉልበት እንደተወሰዱ ለማሳየት ፔፐር ሬክስና ኢዲጂ የተባሉትን ፕሮ ቡድኖች ይጠቅሳሉ። ከዚያም፣ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት አቢሊቲን (የኤጀንቱን ልዩ ችሎታ) በሰዓቱ መጠቀም ስለማይቻል በእጅ ችሎታ መመካት እንደሚሻል፣ መሪ መሾም ጭቅጭቅ ስለሆነ በየዙሩ መሣሪያ የሚገዛበትን ገንዘብንም ውሳኔንም እያንዳንዱ ለራሱ መያዝ እንዳለበት፣ በመጨረሻም ስሞክ እየጣለ መዋል ማንንም እንደማያዝናና ይነግሩናል። መደምደሚያቸው አምስት ጎበዝ ተኳሽ ፈልጎ አምስቱንም ዱኤሊስት ማስያዝ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ተረት ክርክር አይፈታም፣ ጸሐፊውም ከተረት የተሻለ መልስ የሚገባው ነገር ጽፈዋል።

ከጠመንጃው ልጀምር። በታችኞቹ ራንኮች (ደረጃዎች)፣ በአይረን፣ በብሮንዝና በሲልቨር፣ ጥሩ ኤይም (የማለም ችሎታ) ያለው አንድ ሰው ጨዋታውን ብቻውን ሊገለብጥ እንደሚችል አልክድም፤ ተደርጎብኝ አውቃለሁ። አዲስ ተጫዋች ከስሞክ አቀማመጥ በፊት ጠመንጃውን ጭንቅላት በሚገኝበት ከፍታ ላይ አድርጎ መሄድን ቢማር ይሻላል የሚለውንም ምክር እቀበላለሁ። ችግሩ «ጠመንጃ ይወስናል» ከሚለው ተነሥተው «ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው» ወደሚለው ሲሻገሩ በመካከሉ ድልድይ አለመኖሩ ነው። ኤይም የሚወስነው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ማን እንደሚወድቅ ነው። ከስንት ሰው ጋር፣ ከስንት አቅጣጫ፣ በአንድ ጊዜ እንደምትገናኝ የሚወስነው ግን ስሞኩ፣ ዓይን የሚያጨልመው ፍላሹና መረጃው ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ተኳሽ ሁለት ዓይን እንጂ አራት የለውም።

ምክራቸውን ሳንሞክር አልተቃወምንም። ጽሑፉ በደረሰን በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ በኩል ባለ አንድ የጌም ቤት፣ አራታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አምስተኛው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት በኢንተርኔት ገብቶ፣ ሁሉም ዱኤሊስት የሆኑትን ጄት፣ ሬይና፣ ሬዝ፣ ፊኒክስና ኒዮን ያዝን። ወሩ ኅዳር ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ፣ ጋቢ ተከናንቦ ማውስ መጨበጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አንዳችን ግራ እጁን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀ በቀኙ ያልማል። የሸዋ ሮቢቱ በከናቴራ ሆኖ የሙቀቱን ነገር በጆሮ ማዳመጫው ያማርርልናል። ማፑ (የምንጫወትበት ሜዳ) አሴንት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፍን፣ ባጃጅ ነጂውም «አላልኳችሁም?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የአሴንትን ኤ ሳይት ማሰብ ያስፈልጋል። አጥቂው ኤ ሜን ከሚባለው መተላለፊያ ሲወጣ፣ ተከላካይ ሊኖርበት የሚችል ቢያንስ አራት ቦታ ይጠብቀዋል፦ ከፍ ብሎ የሚታየው ሄቨን፣ ከሥሩ ያለው ሄል፣ ከመካከለኛው መንገድ በኩል የሚመጣው ትሪ፣ እና የጄኔሬተሩ ጀርባ። በሰባተኛው ዙር አምስታችንም ተያይዘን ወጣን። ጄት የያዘው ትንሿን ጭስ ወደ ሄቨን ወረወረ፤ ይህች ጭስ የምትቆየው ጥቂት ሰከንድ ነውና ሦስተኛው ሰው ከመተላለፊያው ሳይወጣ ሟሟች። ፊኒክስ ወደ ጄኔሬተሩ ፍላሽ ላከ። ሁላችንም ጄኔሬተሩን ስናይ ከሄቨን ኦፐሬተር የተባለው ስናይፐር ተተኮሰ፤ ጄት ወደቀ። ዞር ስንል ከትሪ ሬይና ወደቀች። ኒዮን ሮጦ ጄኔሬተሩ ሥር ያለውን አንዱን ጣለ፤ እውነቱን ለመናገር ውብ ተኩስ ነበር፤ ከሄል በመጣ ጥይት እርሱም ተከተለ። ስፓይኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ኤ ሜን ውስጥ ከነስፓይኩ ወደቅሁ። ከአምስታችን አንዳችንም በኤይም ተበልጠን አልሞትንም። የሞትነው ሌላ ቦታ እያየን ነው። እኩሌታው ሲደርስ 3 ለ 9 ተመርተን ነበር፣ ጨዋታው 5 ለ 13 አለቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ማፕ ብሪምስቶን (ኮንትሮለር)፣ ሶቫ (ኢንሺዬተር)፣ ኪልጆይ (ሴንቲኔል)፣ ጄትና ሬይና ይዘን ገባን። የብሪምስቶን ስሞክ 19 ሰከንድ ከሩብ ይቆያል። አንዱን ሄቨን ላይ፣ አንዱን ትሪ ላይ ስንጥል ከአራቱ ቦታዎች የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የሶቫ ቀስት ጄኔሬተሩ ጀርባ ማን እንዳለ ሲያሳየን ደግሞ ሳይታይ የሚጠብቅ ሰው ሊኖርበት የሚችለው ሄል ብቻ ሆነ። ስፓይኩን ለመትከል 4 ሰከንድ ይበቃል፤ ጭሱ ከመግለጡ በፊት ተተክሎ ያልቃል። ያንን ጨዋታ አሸነፍን ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር፤ ግን 11 ለ 13 ተሸነፍን። ሁለት ጨዋታ ማስረጃ እንደማይሆንም አውቃለሁ፣ ተጋጣሚዎቻችንም አንድ አልነበሩም። የማቀርበው ውጤቱን ሳይሆን የአሟሟታችንን መለያየት ነው፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ስንወድቅ ማን እንደጣለን እያየን ነበር የምንወድቀው፣ ከኋላ ያለውም ሰው ወዲያው ብድር ይመልስ ነበር።

ሚናን የኤጀንት መምረጫው ገጽ የፈጠረው ነገር አድርገው ማየታቸውም ታሪኩን ይዘለዋል። ከቫሎራንት በፊት በነበረው ተመሳሳይ የተኩስ ጨዋታ በካውንተር ስትራይክ ኤጀንት የለም፤ ለጥቃትም ለመከላከልም በየወገኑ የተሰጠውን መሣሪያ አምስቱም እኩል መግዛት ይችላሉ፣ ማንም ስሞክ ይጥላል፣ ማንም ፍላሽ ይወረውራል። ጸሐፊው እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ እዚያ አምስቱም አንድ ዓይነት ተጫዋች በሆኑ ነበር። ሆኖም ቡድኖቹ ቀዳሚ፣ ደጋፊ፣ ባለ ስናይፐር፣ ብቻውን ተነጥሎ ጀርባ የሚዞር እያሉ ሥራ የተከፋፈሉት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አትላንታ፣ በ2018 ለንደን፣ በ2019 ካቶቪሴና በርሊን ላይ አራት የሜጀር (የጨዋታው ታላቁ ውድድር) ዋንጫ ያነሣው የዴንማርኩ ቡድን አስትራሊስ ስሙ የሚነሣው ከሁሉ በፊት በስሞክና በቦምብ አጠቃቀሙ ነው። ሚና ጨዋታው የሚጭንብን ደንብ ሳይሆን፣ አምስት ሰው አንድ ነገር አብሮ ሲሠራ የሚመጣ የሥራ ክፍፍል ነው።

የኪል ብዛትን በተመለከተ ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ስሕተቱም የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው።

በመንዝ የገብስ አጨዳ ደቦ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ማጭድ የያዘው ሁሉ ዓይን ይስባል፣ ይዘፈንለታልም። ነዶ የሚያስረውን፣ የሚሸከመውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክምሩን የሚከምረውን ሰው ማንም አይቆጥረውም፤ ሆኖም ከማሪው ክምሩን ካጣመመው ያልጠበቁት ዝናብ የመጣ ዕለት የታጨደው ሁሉ ይበሰብሳል። ማን ስንት ነዶ አጨደ ብሎ የሚቆጥር ሰሌዳ ቢኖር ከማሪው ዜሮ ያገኛል፣ በጸሐፊው አሠራር ደግሞ በሚቀጥለው ደቦ አይጠራም።

የጨዋታው ሰሌዳም እንዲሁ ነው። አንድ ሶቫ ቀስቱን ቢ ሳይት ላይ ለቆ ሦስት ሰው እንዳለ ቢያሳይ፣ ቡድኑም ፊቱን አዙሮ ኤ ላይ ያለ ችግር ቢተክል፣ ሶቫ ያገኘው ኪል የለም፣ አሲስት (የረዳትነት ነጥብ) የለም። አንድ ኪልጆይ ራሱ የሚተኩሰውን ቱሬቷን አስቀምጣ ጀርባችንን ስለጠበቀች ጠላት በዚያ በኩል ሳይመጣ ቢቀር፣ ሳይመጣ ለቀረ ሰው ነጥብ አይሰጥም። ከሁሉም የሚገርመው ግን የዱኤሊስቱ የራሱ ነገር ነው። ሥራውን በትክክል የሚሠራ ዱኤሊስት ቀድሞ ይገባል፣ የጠላትን ቦታ ያስገልጣል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል፤ ከኋላው በሁለት እርምጃ የሚከተለው ጓደኛው ገዳዩን ይጥለዋል። ሰሌዳው ለቀዳሚው ሞት፣ ለተከታዩ ኪል ይጽፋል። ተከታዩ ግን ቀዳሚው ባይኖር ያንን ሰው ባላገኘው። በኪል ብቻ ብንመርጥ መጀመሪያ የምናባርረው ጸሐፊው በጣም የሚወዱትን እውነተኛውን ዱኤሊስት ነው፤ የሚቀሩልን ከኋላ ሆነው የሌላውን ሞት የሚጠብቁት ናቸው። አምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ በር ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ማንኛውም የተጫወተ ሰው ያውቃል፤ «አንተ ግባ» «አይ፣ አንተ ግባ» ሲባባሉ ከዙሩ 100 ሰከንድ ውስጥ 60ው ያልቃል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልመንላቸው። ሚናን መሸሸጊያ የሚያደርጉ አሉ። በ20 ዙር ሦስት ሰው ብቻ ጥሎ «እኔ እኮ ስሞከር ነኝ» የሚል ተጫዋች በየጌም ቤቱ አይጠፋም፤ እኔም አንዳንድ ምሽት እርሱን ሆኛለሁ። ኮንትሮለርም ሴንቲኔልም ጠመንጃ ይዟል፣ መተኮስም ይጠበቅበታል። ጸሐፊው በዚህ ሰው መማረራቸው ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ግን የሚናውን ሰው መጠየቅ እንጂ ሚናውን መሰረዝ አይደለም።

ወደ ዋንጫዎቹ ስንመጣ፣ የጠቀሷቸው ቡድኖች በደንብ የተመረጡ ናቸው፤ ማስረጃው ግን ከሚሉት ወዲያ አይሄድላቸውም። ፔፐር ሬክስ በጥድፊያና በድፍረት የሚጫወት፣ ሁለት ዱኤሊስት መያዝን መለያው ያደረገ ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በቶሮንቶ ማስተርስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ዋንጫ ማንሣቱም እውነት ነው። ሁለት ግን አምስት አይደለም። ያ ድፍረት የሚሠራው የቀሩት ሦስቱ መንገድ ስለሚከፍቱለትና እይታ ስለሚጋርዱለት ነው፤ ደግሞም ይኸው ቡድን በ2023 ሎስ አንጀለስ የቻምፒየንስ (የዓለም ሻምፒዮና) ፍጻሜ ላይ በኢቭል ጂኒየሰስ 3 ለ 1 ተሸንፏል። ኢዲጂ በ2024 ሴኡል ላይ በዚያው የቻምፒየንስ ፍጻሜ ሄሬቲክስን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ተኳሹ ካንግካንግ የሠራውን እኔም በአድናቆት ተከታትያለሁ። ጸሐፊው ከዚህ «አንድ ተኳሽ ዋንጫ አመጣ» የሚል ትምህርት ወስደዋል። እንበልና ይሁን፤ ይህ አንድ ታላቅ ተኳሽና ለእርሱ የሚያመቻቹ አራት ሰዎች ያሉበትን ቡድን እንጂ አምስት ተኳሾችን አያስረዳም። ራሳቸው ያቀረቡት ምሳሌ ተቃራኒውን ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያጠቁትን አንድ አስተሳሰብ እኔም እንደማልደግፈው ልናገር፣ ያለበለዚያ ከማልቆምበት ቦታ የቆምኩ ይመስላል። ከየሚናው አንድ አንድ፣ በላዩ ላይ አንድ ተጨማሪ፣ እንደ ሐኪም ማዘዣ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ አንድ ሰው ከዚያ ከወጣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ተሸነፍን ብለው ያኮርፋሉ። ይህ ሚዛን አይደለም። እንደ ብሪዝ ባሉ ሰፋፊ ማፖች ሁለት ኮንትሮለር መያዝ የተለመደ ነው፣ ሄይቨንና (ከአሴንቱ ሄቨን ሌላ ነው) ሎተስ በተባሉት ባለ ሦስት ሳይት ማፖች ደግሞ መከላከሉ ሌላ አሰላለፍ ይጠይቃል። እኔ ሚዛን የምለው ሥራዎቹ ሁሉ ባለቤት ማግኘታቸውን ነው፤ ማን ይቀድማል፣ ማን በቅርብ ይከተለዋል፣ ማን እይታ ይጋርዳል፣ ማን መረጃ ያመጣል፣ ማን ጀርባ ያያል። እነዚህን ሁለት ዱኤሊስት ያለው ቡድን ሊመልሳቸው ይችላል፣ ዱኤሊስት የሌለውም እንዲሁ። አምስት ዱኤሊስት ያለው ቡድን ግን የመጀመሪያውን አምስት ጊዜ መልሶ ሌሎቹን ባዶ ይተዋቸዋል።

የኢንተርኔቱ ነገር የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ከሌላ አገር የተቀዳ ሳይሆን ከኑሯችን የወጣ ነው። በአገራችን ሰርቨር ስለሌለ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ በሆነ ፒንግ (የመስመር መዘግየት) መጫወት የዘወትር ነገራችን ነው፤ በጌም ቤቱ አንድ ሰው ፋይል ማውረድ ሲጀምር ደግሞ ወደ 200 ይዘላል። ጸሐፊው «ፍላሹን በሰዓቱ ማብራት አይቻልም» ሲሉ እውነት ብለዋል፤ በቅጽበት የሚሠሩ አቢሊቲዎች በፒንግ ይጎዳሉ። ፒንጉ ከፍ ያለ ተጫዋች ከጥግ ቀድሞ ብቅ ሲል ጠላት ዘግይቶ ስለሚያየው ጥቂት ጥቅም እንደሚያገኝም እጨምርላቸዋለሁ፤ ጽሑፋቸው ይህንን ሳያነሣው አልፏል፣ ቢያነሣው ክርክራቸውን ባገዘው ነበር።

ግን ከፒንግ ጋር ይበልጥ የሚጣላው ምንድን ነው? በሚሊሰከንድ የሚወሰነው ቀጥታ ተኩሱ ነው፤ ይኸውም ብቸኛ ተስፋችን አድርገው ያቀረቡልን ነገር ነው። ብቅ ማለቱ የሚጠቅመው አንተ በምትመርጠው ሰዓት ነው፤ በመከላከል ጊዜ ጥግ ይዘህ ስትጠብቅ ግን ያው መዘግየት በአንተ ላይ ይዞራል፣ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ያይሃል። ስሞክ ግን ቀድሞ ይጣላል። ወጥመድ ቀድሞ ይቀመጣል። የሸዋ ሮቢቱ የአክስቴ ልጅ ከሁላችንም የከፋ መስመር አለው፤ በሞባይል ዳታ ነው የሚጫወተው። በዱኤሊስቱ ቅዳሜ ፊኒክስ ይዞ ከጥግ በወጣ ቁጥር «ተኩሼ ነበር እኮ!» ሲል አመሸ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኪልጆይ ያዘ። መግዣው 30 ሰከንድ ሳያልቅ ቱሬቱን ቢ ሜን ፊት ለፊት፣ አላርምቦቱን ከሳጥኑ ጀርባ አስቀመጠ። ቱሬቱ ጠላት ሲያይ ይተኩሳል፣ አላርምቦቱ የቀረበውን ያሳድዳል፤ ሁለቱም የሸዋ ሮቢትን ኔትወርክ አይጠብቁም። እርሱ ድምፁን ሲሰማ «ቢ ናቸው!» ይላል፣ ድምፁ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ቢደርሰንም እንኳ ለመድረስ ጊዜ ይኖረናል። ያን ምሽት አንድ ጊዜ እንኳ «ተኩሼ ነበር» ሲል አልሰማሁትም። ስለዚህ ከኢንተርኔታችን የሚወጣው ትምህርት ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው አብሮ የሚሄደው፤ መስመሩ የደከመውን ሰው ቀድሞ የሚዘጋጅ ሚና አስይዙት፣ ጄትን ፒንጉ ለተሻለው ስጡት።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፣ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ዙር በ800 ክሬዲት (የጨዋታው ገንዘብ) ይጀመራል፤ ተሸነፍን እንበል፣ ገንዘቡም አለቀ። ለሽንፈቱ 1,900 ይሰጣል። የተቆጣው ተጫዋች በ1,600 ስፔክተር የተባለውን ርካሽ መሣሪያ ይገዛል፣ 300 ይቀረዋል። ያም ዙር ተሸንፎ ቢሞት 2,400 ይጨመርለትና 2,700 ይሆንለታል፤ ዋነኞቹ ጠመንጃዎች ቫንዳልም ፋንተምም 2,900 ናቸውና አይደርስባቸውም። ሳይገዛ የታገሠው ጓደኛው 4,300 ይዟል፤ ጠመንጃውንና 1,000 የሚያወጣውን ከባድ ጋሻ ገዝቶ 400 ለአቢሊቲ ይተርፈዋል። (ለኪል የሚሰጠውን 200 እና ለተከላ የሚሰጠውን 300 ለጊዜው ትቼዋለሁ።) እያንዳንዱ ለራሱ ሲወስን ሦስተኛው ዙር ላይ ሁለት ሰው ጠመንጃ፣ ሦስት ሰው ሽጉጥ ይዞ ይገባል፤ የሚያስፈራው ከመግዛት ይልቅ አለመስማማቱ ነው። አብሮ መግዛት፣ አብሮ መታገሥ የሚቻለው አንድ ሰው «በዚህ ዙር ገንዘብ እንያዝ» ሲል ሌላው የሚሰማው ከሆነ ነው።

ይህም መሪ መሾም ጭቅጭቅ ነው ወደሚለው ይወስደናል። ጭቅጭቅ መኖሩ እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ በአማርኛ፣ ሲብስም በስድብ ይካሄዳል። መሪ የሌለው ቡድን ግን ጭቅጭቁን አያስቀርም፣ ከዙሩ በኋላ ወደ መወቃቀስ ያዛውረዋል እንጂ። ቦስተር በሚል የመጫወቻ ስሙ የሚታወቀው የፍናቲክ መሪ ጄክ ሃውሌት ብዙ ጊዜ በውጤት ሰሌዳው አናት ላይ አይገኝም፤ ቡድኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሳኦ ፓውሎ ላይም ቶኪዮ ላይም በእርሱ መሪነት ዋንጫ አንሥቷል። በኪል ብዛት የሚመርጥ ሰው እርሱን ከቤት ያስቀረው ነበር።

የቀረው የመዝናናቱ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው ከሌሎቹ ሁሉ ባነሰ ነው። ከሥራ ወይም ከትምህርት ውሎ በኋላ ገንዘብ ከፍሎ የተቀመጠ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሌላው ጭስ ሲጥል አምሽቶ ቢማረር አይፈረድበትም። በየቡድኑም ይህ ሥራ የሚወድቀው «እሺ» ማለት በሚቀናው ዝምተኛ ልጅ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጓደኛችን ለወራት ያለ ፍላጎቱ ኦሜን የተባለውን ኮንትሮለር ይዞ ኖሯል፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀነው አናውቅም ነበር። ይህ በደል ነው፣ ጸሐፊውም በደሉን አይተውታል። ግን በደሉ ሥራው ተራ ስላልወጣለት የመጣ ነው። ማንም መከመር ካልወደደ ክምሩን እንተው አይባልም።

እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። በጌም ቤቱ መደርደሪያ ላይ የምናስቀምጠው አንድ ደብተር አለ፤ የአምስታችን ተራ ተጽፎበታል። ኮንትሮለር በየሳምንቱ ይዞራል፣ ኮንትሮለር የያዘ ሰው የዚያን ምሽት ሻይ አይከፍልም። ፒንጉ ለከፋው የአክስቴ ልጅ ብቻ ሴንቲኔል በቋሚነት ተፈቅዶለታል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ሻዩን ልንልክለት ስለማንችል ብድሩ እየተጻፈ ይጠብቀዋል፣ እስካሁን አሥራ አንድ ብርጭቆ ደርሷል። በዚህ ሳምንት ስሞኩ የደረሰው ጽሑፉን የላከልኝ ባጃጅ ነጂ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎ ነበር፤ ትናንት ማታ ግን ብቻውን መለማመጃ ከፍቶ፣ ሄቨንንና ትሪን በየተራ ከመጋረድ ይልቅ ሁለቱንም በብሪምስቶን ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ በአንድ ጊዜ ማውረድ እንደሚቻል አግኝቶ ደወለልኝ። ሻዩን ከነዳቦው ነው የምፈልገው ብሏል፣ ጉዳዩ ገና በድርድር ላይ ነው።